ሁለቱንም አቤቱታ የጻፉት የቢቸናው ሰው

ቢቸና ፍርድ ቤት አጥር ሥር፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ቀጥሎ፣ በቆርቆሮ የተከለለች ጠባብ በረንዳ አለች። አቶ ገብረ ማርያም በዚያች በረንዳ ላይ ሃያ ስምንት ዓመት ማመልከቻ ሲጽፉ ኖረዋል። አገሬው «መሪጌታ» ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ በተጠሩ ቁጥር «ኧረ መሪጌታ አይደለሁም፤ ቅኔውን ጀምሬ የተውሁ ሰው ነኝ» ማለት አይሰለቻቸውም። እውነታቸውን ነው። ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት አራት ዓመት ከቆዩ በኋላ አባታቸው ሞቱና እርሻውን ሊይዙ ተመለሱ፤ እርሻው ግን የታላቅ ወንድማቸው ሆነ፤ እሳቸውም በእጅ ጽሕፈታቸው ቤተሰብ አስተዳደሩ። ከቅኔ ቤት የቀረላቸው ሁለት ነገር ነው፤ ያየው ሁሉ የሚወድደው እጃቸውና አንድ ቃል የት የት ሊዞር እንደሚችል የማድመጥ ልማድ።

ከተማው ውስጥ ኮምፒውተር ቤቶች ሲከፈቱ ብዙዎች «እንግዲህ መሪጌታ ሥራ ፈቱ» ብለው ነበር። አልፈቱም። ሰው ወደ እሳቸው የሚመጣው ስለሚሰሙት ነው። ባለጉዳዩ ራሱ ከፊታቸው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ካልነገራቸው በቀር አንዲት መስመር አይጽፉም። በወኪል፣ በስልክ፣ «እሱ እንዲህ ብሏል» በሚል ነገር አይሆንም። የሰሙትንም አያሳብጡም። ጠዋት ለከሳሽ የጻፉ ከሰዓት በኋላ ለተከሳሽ መልስ ይጽፋሉ፤ ማንም አይቀየማቸውም፤ የአንዱን ምስጢር ለሌላው እንደማያደርሱ ሁሉም ያውቃልና። ባለቤታቸው ባንቺዓለም፣ በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ሠርታ ጡረታ የወጣች ሳቂታ ሴት፣ ሁልጊዜ በዚህ ትተርባቸዋለች። «አንተ እኮ ሁለት ምላስ ይዘህ ነው የምትውለው» ትላቸዋለች። «ምላሱ የእነሱ ነው፤ የእኔ እስክሪብቶው ብቻ ነው» ይሏታል።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነጭ መኪና በረንዳዋ ፊት ቆመ። የወረደው ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ሱፉ ላይ የመንገድ አቧራ ያረፈበት ሰው ነበር። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«መሪጌታ፣ ስጦታው እባላለሁ። የየጁቤ ልጅ ነኝ፤ አሁን የምሠራው አዲስ አበባ ነው።»

«መሪጌታስ አይደለሁም። ተቀመጥ ልጄ።»

ስጦታው የቤቲንግ ድርጅቶች ያቋቋሙት ማኅበር የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነበር። የመጣበትንም ጉዳይ ሳይደብቅ ተናገረ። የፌዴራል መንግሥቱ የስፖርት ውርርድን የሚመለከት አዲስ መመሪያ አርቅቋል። ረቂቁ የቤቲንግ ቤት ከትምህርት ቤት አምስት መቶ ሜትር መራቅ አለበት ይላል፤ ዕድሜው ሃያ አንድ ያልሞላ አይግባ ይላል፤ ማስታወቂያም በቀን በሬዲዮ አይነገር ይላል። ማኅበሩ ይህንን ለማላላት ሦስት ወር ሙሉ ደጅ ሲጠና ከርሟል። ባለሙያ ቀጥሮ ጥናት አስጠንቷል፤ ጋዜጠኞችን ምሳ ጋብዟል፤ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመላለስ ቆይቷል።

«ባለሥልጣኖቹ ዘንድ ስንገባ ‘ይህ የእናንተ ጥቅም ነው’ ይሉናል» አለ ስጦታው። «ከገጠር ከተማ የመጣ የወጣት ድምፅ ሲሆን ግን ይሰማሉ። ለዚህ ነው እርስዎ ዘንድ የመጣሁት። በእጅ የተጻፈ ይሁን ብለናል። በእጅ የተጻፈ ነገር አንጀት ይበላል።»

ከቦርሳው አዲስ አበባ የታተመ ወረቀት አውጥቶ «ይህን በእጅዎ ይገልብጡልን» አላቸው። መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት መስመር አነበቡ። «እኛ የምሥራቅ ጎጃም ወጣቶች ከሥራ አጥነት አረንቋ መንጥቆ ያወጣንን ዘርፍ…» ይላል።

«ይህን የጻፈው ሰው ጎጃምን በካርታም አላየው» አሉና ወረቀቱን መለሱለት። «‘እኛ’ የሚለው ማነው? እሱን አምጣልኝና ይንገረኝ።»

ስጦታው ሳቀ። አልተቆጣም። እንዲያውም ወደ መኪናው ሲመለስ ደስ ያለው ይመስል ነበር።

ከሰዓት በኋላ ያመጣት ሊድያን ነው። ሊድያ የቢቸናው ቤቲንግ ቤት ካሸር ናት፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። በርጩማው ላይ ስትቀመጥ ጉልበቷን ገጥማ እንደ ተማሪ ነበር። በአካውንቲንግ ዲፕሎማ ይዛ ሦስት ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስታነብ መኖሯን፣ ለአንድ የሥራ ቦታ ሁለት መቶ ሰው ሲፈተን ማየቷን፣ በመጨረሻ ይህን ሥራ ስታገኝ እናቷን ባሕር ዳር ወስዳ ማሳከሟን፣ ታናሽ እኅቷን ማስተማሯን ነገረቻቸው። መሪጌታ አላቋረጧትም።

«ሌላስ?» አሉ ስትጨርስ።

«ሌላ… እኔ ራሴ አልጫወትም። አንድም ቀን ቲኬት ቆርጬ አላውቅም። ምን እንደሚያደርግ ስለማይ ነው። ይህም ይጻፍ?»

«እሱ እንኳ አያስፈልግም» አለ ስጦታው ቶሎ ብሎ።

መሪጌታ እሱን አላዩም። እሷን ነበር የሚያዩት። «ነገሩ ያንቺ ነው ልጄ። ጻፍ ካልሽኝ እጽፋለሁ፤ ተወው ካልሽ እተዋለሁ።»

ሊድያ መሬት መሬት አየች። «ይቅር» አለች።

ተዉት። ደንባቸው ነዋ። ግን ያን ዕለት እየጻፉ ሳለ እስክሪብቷቸው እዚያች ቦታ ሲደርስ ቆም እንዳለ ራሳቸው ያውቃሉ።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ሆነ። ስለ ዘርፍ፣ ስለ አረንቋ የሚያወራ ነገር አልነበረበትም። ስለ ማስታወቂያ ሰሌዳው፣ በየጠዋቱ እዚያ ስለሚቆሙት ልጆች፣ የሚነበበውን ከሩቅ ለማየት በእግር ጣታቸው ስለሚቆሙት አጫጭሮች ነበር። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያነቡላት ሊድያ አለቀሰች። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎችም ወጥተው ቆመው ሰሙ። ስጦታው «በስመ አብ!» ብሎ ራሱን ያዘ።

ከዚያ ከደብዳቤው ጋር የሚያያዝ የፊርማ ወረቀት ዘረጋ። ቤቲንግ ቤቱ ለገባ ሁሉ እየቀረበ የተሞላ ነው። መሪጌታ ጣታቸውን በስሞቹ ላይ ሲያወርዱ አንድ ቦታ አቆሙ።

«ይህ ፋንታ የሚለው፣ ወፍጮ ቤት የነበረው ፋንታ ነው?»

ሊድያ አጎንብሳ አየች። የአባቱም ስም የሚያውቁት ነው።

«ፋንታ ካቻምና ሞቷል» አሉ መሪጌታ። «የወራሽነት ማመልከቻውን ለልጆቹ የጻፍሁላቸው እኔ ነኝ።»

ስጦታው ደነገጠ፤ ድንጋጤው የእውነት ነበር። ለፈረመ ሁሉ አንድ ነፃ ቲኬት ይሰጥ እንደነበርና ሁለተኛ ቲኬት የፈለገ ጎረምሳ የሞተ ሰው ስም ሳይጽፍ እንዳልቀረ ሊድያ በቀስታ አስረዳች። «ይነሣል፤ ይህ ወረቀት ይነሣል» አለ ስጦታው፤ አጥፎም ኪሱ ከተተው። ምስጋና አቅርቦ፣ ሁለት ጊዜ እጅ ነሥቶ ሄደ።

ቅዳሜ ልጃቸው ሰገነት ከሞጣ መጣች። ሰገነት ሞጣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋ መምህርት ናት፤ አንድያ ልጃቸው ናት፤ ግንባሯም ነገረኛነቷም የአባቷ ነው። መሪጌታ የጻፉትን ሁሉ በካርቦን ቅጂ ያስቀምጣሉ። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው የሰሞኑን ቅጂ ማገላበጥ ነው። ያን ቀን ግን ከመሐል ላይ ቆመች።

«አባባ፣ ይህን እርስዎ ጻፉት?»

«እጁ የእኔ ነው። ቃሉ የሊድያ ነው።»

«የእኔ ተማሪዎች ቃልስ? ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ከፍተውባቸው፣ ደወል ተደውሎ ክፍል ግማሽ የሚሆነው የማን ቃል ነው? ለዚህ መመሪያ መውጣት እኮ አንድ ዓመት ሙሉ ስንጮህ ነበር። አሁን የሚያቆመው የአባቴ እጅ ይሁን?»

«መጥተው አልነገሩኝም።»

«ቢቸና ድረስ ይምጡልዎ?»

ባንቺዓለም ከጓዳ ወጥታ ሁለቱን አየቻቸውና «ልጅቱ እውነቷን ነው፤ አንተ ሂድ እንጂ» አለች። መሪጌታ ቀስ ብለው ቀና አሉ። «እሄዳለሁ። ሰኞ እሄዳለሁ» አሉ።

ሰኞ ሚኒባሱ በደብረ ወርቅ አልፎ ሞጣ ሲያደርሳቸው እኩለ ቀን ነበር። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ወደ ማዶ አዩ። ቤቲንግ ቤቱ አስፋልቱን ተሻግሮ ነው፤ አረንጓዴ ሰሌዳ፣ በሩ ላይ የተደገፉ ደብተር የያዙ ልጆች። ከበር እስከ በር በእርምጃቸው ለኩ፤ አርባ ሦስት።

በርዕሰ መምህሩ ክፍል ጠረጴዛ ተሰጣቸው። የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ ስሜነሽ ነበረች፤ የልብስ ስፌት ቤት ያላት፣ ባሏ የሞተባት፣ ቢያዝን የሚባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ እናት። ስትናገር መርፌ እንደያዘች ሁሉ ጣቶቿ ይንቀሳቀሱ ነበር።

«መሪጌታ፣ ልጄ ቤት ውስጥ አለ፤ ግን የለም። ገበታ ላይ ስልኩን ያያል። ቅዳሴ ላይ ሳይቀር ጆሮው ውስጥ ያንን ክር ይሰካል። ‘ምን ትሰማለህ?’ ስለው ‘የኖርዌይ ጨዋታ’ አለኝ። ልጄን የወሰደብኝ ሰው እዚህ ሰፈር ቢሆን ኖሮ በሩ ላይ ሄጄ እጣላው ነበር። ከኖርዌይ ጋር እንዴት ልጣላ?»

መሪጌታ ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም፤ ፊቷን ሲያዩ ተዉት። ስሜነሽ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች። «የቤቲንግ ቤቱ ባለቤት ልጄን መታው ብለው ይጨምሩልኝ። እንዲያ ካልሆነ አይሰሙንም።»

«መታው?»

«አልመታውም።»

«እንግዲያው አልጽፈውም እኅቴ። የኖርዌዩን እጽፈዋለሁ።»

ቀጥሎ የገባው የስፖርት መምህሩ ቢሆነኝ ነበር። ቢሆነኝ ወደ መስኮቱ ወስዶ የኳስ ሜዳውን አሳያቸው። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ከበሩ ጀምሮ እስከ ዋናው ሕንፃ ድረስ ያለው ቦታ ሁሉ እሱ ነው። ሣሩ ጉልበት ደርሷል። «ድሮ እዚህ ሣር አይበቅልም ነበር» አለ። «ከጠዋት እስከ ማታ ሲረግጡት እንዴት ይብቀል? አሁን ልጆቹ ስለ ኳስ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። የሚጫወት ግን አጣሁ። ባለፈው ዓመት ለወረዳ ውድድር አሥራ አንድ ልጅ ማሟላት አቅቶኝ ሁለት ከመምህራን ቁምጣ አልብሼ አስገባሁ፤ ተያዝሁና ተቀጣን።»

መሪጌታ ሁለት ቀን ሞጣ ተቀምጠው አሥራ አራት ሰው ሰሙ፤ ከበሩ እስከ ዋናው ሕንፃ ያለውንም በእርምጃቸው ለኩ። የተጻፈው አቤቱታ ሁለት ገጽ ሆነ። የኖርዌዩም፣ የሣሩም፣ አርባ ሦስቱ እርምጃም ገባ። ሰገነት አንብባ «ይህ ነው» ብላ አባቷን ጉንጫቸው ላይ ሳመቻቸው።

ወር ሳይሞላ መመሪያውን ካረቀቀው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ጥሪ መጣ። በረቂቁ ላይ አዲስ አበባ የውይይት መድረክ ይደረጋል፤ ከሞጣ አቤቱታ አቅራቢዎች ሁለት ሰው ይምጣ ይላል። ሰገነትና አባቷ ተመረጡ። በዚያው ሳምንት ስጦታው ደውሎ መሪጌታን «ከቢቸና በእኛ መኪና ይምጡ» አላቸው። «የምመጣው ከልጄ ጋር በአውቶቡስ ነው» አሉት። «ለምን?» አላለም። «እንግዲያው ደጀን ላይ ምሳ አብረን እንበላለን» አለ።

በእርግጥም አብረው በሉ። አውቶቡሱ ደጀን ለምሳ ሲቆም ስጦታውና ሊድያ ቀድመው ደርሰው ጠረጴዛ ይዘው ነበር፤ አራቱ በአንድ ትሪ ከበቡ። ሰገነት መጀመሪያ እጇን አልዘረጋችም። ስጦታው ጎርሶ፣ አጉርሶ፣ «የየጁቤ ሰው ሆኜ አላጎርስም ካልሁ እናቴ ትረግመኛለች» ሲላት ግን ሳቀች፤ ወዲያውም ትከራከረው ጀመር።

«እሺ ንገረኝ፣ ባለሥልጣኖቹን በምን ትገዟቸዋላችሁ?»

«ማንንም አንገዛም» አለ ስጦታው። «ሥራችንን እንዲያ የምታስቡት ሁላችሁም ናችሁ። እኔ በቀን ሦስት ቢሮ እገባለሁ። አስተናጋጅ ሻይ እስኪያመጣ ኮሪደር ላይ እቆማለሁ። ምንም አልሰጥም። ብቻ ረቂቁ ሲጻፍ አጠገቡ እንገኛለን። የሚጽፈው ሰው ሥራ በዝቶበታል፣ ደክሞታል፤ አንድ ቃል ሲጎድለው ቃሉን እናቀብለዋለን። ያችው ናት።»

ሰገነት ሌላ ጥያቄ አነሣች። መሪጌታ ግን እጃቸው ትሪው ላይ እንዳለ ቀረ። ቃል ማቀበል! ሃያ ስምንት ዓመት በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሊያደርግባቸው የሞከረው እሱን ነበር።

የስብሰባው አዳራሽ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ነው። በር ላይ ለገባ ሁሉ ማስታወሻ ደብተርና ኮፍያ ያለበት ቦርሳ ይታደላል። ኮፍያው የማኅበሩ ዓርማ አለበት፤ መሪጌታ ደብተሩን ወሰዱ፣ ኮፍያውን በትሕትና መለሱ። መድረኩን የመሩት የመሥሪያ ቤቱ የሕግ ኃላፊ ወይዘሮ ሰሎሜ ነበሩ፤ ብዙ የማይናገሩ፣ እርሳስ በጆሯቸው ሰክተው የሚያዳምጡ ሴት።

ሊድያ ደብዳቤውን እንድታነብ ተጠራች። መጀመሪያ ፈጥና አነበበች፤ የማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ስትደርስ ረጋ አለች። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ዓይናቸውን ሲያብሱ ታዩ። መሪጌታ ከኋላ ተቀምጠው እያንዳንዷን ቃል ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አብረው ይሏት ነበር፤ ፊታቸው በርቷል። ሰገነት ዞር ብላ አየቻቸው። ልጃቸው ምን እንዳየችባቸው ገብቷቸው አንገታቸውን ደፉ።

ጭብጨባው ሲያባራ ወይዘሮ ሰሎሜ ሁለት ወረቀት ከፍ አድርገው ያዙ።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አሉ። «ይህ ከቢቸና የመጣ ነው፤ መመሪያው ይላላ ይላል። ይህ ደግሞ ከሞጣ የመጣ ነው፤ መመሪያው ይጥበቅ ይላል። ጽሕፈቱ ግን አንድ ነው። ጸሐፊው እዚህ አሉ?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። መሪጌታ ተነሡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እኔ ነኝ እመቤቴ። ሁለቱንም የጻፍሁ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ የትኛውን እንመን?»

«ሁለቱንም። የሊድያ ችግር እውነት ነው፤ የስሜነሽም እውነት ነው። የነገሩኝን ነው የጻፍሁት። ከቢቸናው ጋር የተያያዘውን የፊርማ ወረቀት ግን ያልነገረኝ ሰው ሞልቶታል። ከኋላው ቢያዩት ምናልባት ፋንታ የሚባል ሰው ያገኛሉ። ፋንታ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል።»

ወረቀቶቹ ተገለበጡ። ስጦታው አንሥቶት የነበረው ገጽ እዚያው ነበር፤ ማን መልሶ እንደጨመረው አልታወቀም። ስጦታው ራሱ ቀልቶ ቀረ። አዳራሹ እንደገና ሳቀ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ተነሥተው «ጥቃቅን የጽሕፈት ስህተት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን» አሉ። ከዚያ ሻይ ዕረፍት ሆነ።

መሪጌታ ትልቅ ነገር የተናገሩ መስሏቸው ነበር። ከሻይ በኋላ ግን ስለ ፋንታ ያነሣ ሰው የለም። የሚያልፉት ሁሉ ትከሻቸውን መታ እያደረጉ «አሳቁን እኮ አባታችን» ይሏቸዋል። በየወንበሩ ላይ ደግሞ አዲስ ወረቀት ተቀምጦ ነበር። «የማስማሚያ ሐሳብ» ይላል። አምስት መቶው ሜትር ሁለት መቶ ሆኗል። አብዛኛው ሰው ስለ ሁለት መቶው ሲከራከር መሪጌታ በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው አነበቡ፤ እንደ ቅኔ ቤቱ ጊዜ ቃል በቃል። አንድ ቦታ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። እጃቸውን አነሡ።

«እመቤቴ፣ እዚህ ላይ ‘ከትምህርት ቤቱ ዋና ሕንፃ ሁለት መቶ ሜትር’ ይላል። መጀመሪያ ያነበብነው ‘ከትምህርት ቤት’ ብቻ ነበር የሚለው። ‘ዋና ሕንፃ’ ከየት መጣች?»

ወይዘሮ ሰሎሜ ወረቀቱን አነሡ። የማኅበሩ የሕግ አማካሪ «ለግልጽነት የገባች ናት፤ ለውጥ የላትም» አለ።

«ለውጥ አላት ልጄ» አሉ መሪጌታ። «ሞጣ ያለው ትምህርት ቤት በሩ መንገድ ላይ ነው፤ ዋናው ሕንፃ ከሜዳው ማዶ ነው። በእርምጃዬ ለክቼዋለሁ፤ ከበሩ እስከ ሕንፃው ከሁለት መቶ ሜትር ይበልጣል። እንዲህ ከተጻፈ በሩ ላይ የተከፈተው ቤት ሕጋዊ ነው። በሩን ተደግፎ ቢሠራም ሕጋዊ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት የድንበር ክስ ጽፌያለሁ፤ ሰው ስለ ሜትሩ ተጣልቶ አይቼ አላውቅም፤ የሚጣላው ስለ መነሻው ነው። መለኪያው ከአጥሩ ይጀምር።»

በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ወይዘሮ ሰሎሜ እርሳሱን ከጆሯቸው አውጥተው ጻፉና «ይታያል» ብቻ ብለው ወደሚቀጥለው አንቀጽ አለፉ።

ሲመለሱ ሊድያ ከስጦታው መኪና ቀርታ በአውቶቡሱ መጣች፤ ከመሪጌታ አጠገብ ተቀመጠች። ዓባይን ወርደው ወጡ። ደጀን ሲቃረቡ «ያቺን ነገር ማስገባት ነበረብኝ» አለች። «እኔ ራሴ እንደማልጫወት።» መሪጌታ አሰቡና «እኔም ሁለተኛ ጊዜ ልጠይቅሽ ይገባ ነበር» አሏት። ሊድያ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደጀን አንድ ባንክ ተቀጥራ ሄደች፤ የሥራ ማመልከቻዋን የጻፉላት እሳቸው ናቸው፤ የአገልግሎት ክፍያ አልተቀበሏትም።

መመሪያው በአምስተኛው ወር ወጣ። ማኅበሩ ከፈለገው ብዙውን አግኝቷል። አምስት መቶው ሁለት መቶ ሆኗል፤ የሬዲዮ ማስታወቂያ ክልከላው ጠፍቷል፤ ለነባር ቤቶች ስድስት ወር የመሸጋገሪያ ጊዜ ተሰጥቷል። የዕድሜው ገደብ ግን ሃያ አንድ እንዳለ ጸንቷል። መለኪያውን የሚናገረው አንቀጽ ደግሞ «ከትምህርት ቤቱ የውጭ አጥር ጀምሮ» ይላል።

ስጦታው የመመሪያውን ቅጂ ራሱ ይዞ መጣ፤ ወደ የጁቤ ለአባቱ ተዝካር ሲያልፍ ነበር። «አለቆቼ ስለ እርስዎ የተናገሩትን ልንገርዎ?» አላቸው እየሳቀ። «‘ሁለት መቶ ጋዜጠኛ ምሳ ጋብዘን ካገኘነው ያቺ አንዲት ቃል ትበልጥ ነበር’ ነው ያሉት።» የፊርማውን ነገር ግን ሲያነሣ ሳቁ ጠፋ። ገጹን ማን እንደመለሰው እስካሁን እንደማያውቅ ምሎ ነገራቸው። መሪጌታ አመኑት። እስከ መኪናው ሸኝተውት ለእናቱ ሰላምታ ላኩ።

በመሸጋገሪያው ማብቂያ ሰሞን ሰገነት ደውላ «ቤቲንግ ቤቱ ሊነሣ ነው፤ ይምጡና ይዩ» አለቻቸው። በዚህ ጊዜ ባንቺዓለምም አብራ ሄደች። ሞጣ በትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ሁለት ሰዎች መሰላል ላይ ወጥተው አረንጓዴውን ሰሌዳ ይፈቱ ነበር። ወደ መናኸሪያው ሊዛወር ነው። ስሜነሽም ከስፌት ቤቷ ወጥታ ቆማ ታያለች። ቢያዝን የመልቀቂያ ፈተናውን እንደምንም አልፏል፤ ስልኩን ግን አሁንም አይለቅም፤ ስልኩ ውስጥ ያለውን ደግሞ በሜትር የሚለካው አልተገኘም። «ቢሆንም» አለች ስሜነሽ፣ «ቢያንስ በሩ ላይ አይጠብቁትም።»

በሰገነት ቤት ምሳ ተበልቶ ባንቺዓለም ጋደም ስትል አባትና ልጅ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ሰገነት ጠየቀች።

«አባባ፣ እውነት ይንገሩኝ። ከሁለቱ ደብዳቤ በጽሑፍ የትኛው ይበልጣል?»

መሪጌታ መነጽራቸውን አወለቁ፤ በነጠላቸው ጠርዝ ጠረጉት፤ መልሰው አላደረጉትም።

«የመጀመሪያው» አሉ። «የሊድያው። የእናንተን በቁጣ ነው የሰማሁት፣ በቁጣ ጻፍሁት። የእሷን ግን… ብቻ የእሷ ይበልጣል። አትቀየሚኝ።»

«አልቀየምም» አለች ሰገነት። «ያን ቅዳሜ ከእርስዎ ጋር ተጣልቼ ጓዳ ገብቼ፣ እንደገና አንብቤው አልቅሻለሁ። እማዬ አይታኛለች።»

«ለእኔ አልነገረችኝም!»

«እንዳትነግሪያቸው አልኋታ።»

ከውስጥ ባንቺዓለም ተኝታ አልነበረችምና ሳቋ እስከ በረንዳው ተሰማ።